ስላይድና የስክሪን ቅጂ በማስተማር ሥራ፤ ጥቅማቸው፤ ጉዳታቸውና አያያዛቸው

መግቢያ

በዛሬው ጊዜ በከፍተኛ ትምህርት ቤት የሚማር ሰው ከመምህሩ ፊት ይልቅ ግድግዳው ላይ የሚበራውን ስላይድ ሲያይ ይውላል ቢባል ነገሩን ማጋነን አይሆንም። ማታ ወደ መኝታ ክፍሉ ሲመለስም በቴሌግራም የተላከለትን የትምህርት ቅጂ በስልኩ ከፍቶ ያዳምጣል። ጠመኔና ጥቁር ሰሌዳ ፈጽመው ባይቀሩም፤ ከማስተማሩ ሥራ ብዙው ወደ እነዚህ ሁለት መሣሪያዎች ተዛውሯል። ይሁን እንጂ መሣሪያዎቹ እንዴት ቢያዙ ዕውቀት፤ እንዴትስ ቢያዙ እንቅልፍ እንደሚያመጡ ተማሪዎች እርስ በርሳችን ስንነጋገር የሚሰማው አቤቱታ እንጂ ምርመራ አይደለም።

ይህን አነስተኛ ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን አንድ ገጠመኝ ነው። ባለፈው ዓመት ለፈተና ስንዘጋጅ ከመምህራኖቻችን አንዱ ያመለጠንን ትምህርት እንድናካክስ ብለው የ1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ቅጂ ላኩልን። መምህሩ ትጉህ ሰው ናቸው፤ ቅጂውንም ያዘጋጁት እንቅልፋቸውን አጥተው ነው። እኛም ስድስት ሆነን ገንዘብ አዋጥተን፤ የኢንተርኔት ጥቅል ገዝተን አወረድነው። ነገር ግን በስልክ ስክሪን ላይ ጽሑፉ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ሆኖ አልነበብ አለን፤ የመምህሩ ድምፅ ከጄኔሬተር ድምፅ ጋር ተቀላቅሏል፤ የምንፈልገውም ነገር በየትኛው ደቂቃ ላይ እንዳለ የሚጠቁም ምልክት የለም። ከስድስታችን እስከ መጨረሻው ያየ አንድ እንኳ አልነበረም። የመምህሩ ድካምና የእኛ ገንዘብ በከንቱ ቀረ። ጥፋቱ የማን ነው ብለን ስንጠያየቅ ግን የመምህሩም የተማሪውም ሳይሆን የአያያዙ መሆኑን ተረዳን።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መምህራንን ለመንቀፍ አይደለም። እኛም ራሳችን በሴሚናር ተራችን ሲደርስ ስላይድ ሞልተን፤ ፊታችንን ወደ ግድግዳ አዙረን ስናነብ የተገኘን ነን። ከእኛም መካከል ነገ መምህር የሚሆነው ብዙ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን ብንመረምረው ለሁሉም ይጠቅማል ብለን አስበናል።

፩ የመሣሪያዎቹ አመጣጥ

ከሁሉ አስቀድሞ ስላይድ የሚሠራበት ፕሮግራም ለማስተማር ተብሎ አለመፈጠሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ፓወርፖይንት የተባለውን ፕሮግራም በአሜሪካ በካሊፎርኒያ፤ ፎርቶት በተባለ አነስተኛ ኩባንያ ውስጥ ሮበርት ጋስኪንስና ዴኒስ ኦስቲን ሠርተው፤ እ.ኤ.አ. በ1987 ለማኪንቶሽ ኮምፒውተር አወጡት። በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍት ኩባንያውን በ14 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። መሣሪያው የታሰበው በንግድ ስብሰባ ላይ ቆሞ ሐሳቡን በአጭሩ ለሚያስረዳ ሰው ነበር። በስብሰባው ላይ ያለው አድማጭ ነገሩን ሰምቶ ይወስናል፤ ይሄዳል። ተማሪ ግን ነገሩን ሰምቶ፤ አስቦ፤ በልቡ አኑሮ፤ ከወር በኋላ ሊሠራበት ይገባዋል። የአንዱ ልብስ ለሌላው ልክ እንደማይሆን ሁሉ፤ የንግድ ስላይድም እንዳለ ወደ ክፍል ሲገባ ልክ አይሆንም፤ መስተካከል አለበት።

የስክሪን ቅጂ ማለት ደግሞ በኮምፒውተር ስክሪን ላይ የሚታየውን ሁሉ ከተናጋሪው ድምፅ ጋር አንድ ላይ ወደ ቪዲዮ መቅዳት ነው። ለማስተማር በሰፊው መዋል የጀመረው ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። ሳልማን ካን የተባለው አሜሪካዊ በ2004 በሩቅ ከተማ ለምትኖር የአጎቱ ልጅ ሒሳብ ማስረዳት ጀመረ፤ በ2006 ደግሞ እየጻፈና እየተናገረ የቀዳቸውን ትምህርቶች በዩቲዩብ ላይ ማውጣት ያዘ። ከዚህም ካን አካዳሚ የተባለው ድርጅት ተወለደ።

ለእኛ ይበልጥ የሚያስተምረን ግን በኮሎራዶ ክፍለ ሀገር፤ ውድላንድ ፓርክ በተባለች ትንሽ ከተማ የሆነው ነው። በዚያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ የሚያስተምሩ ጆናታን በርግማንና አሮን ሳምስ የሚባሉ ሁለት መምህራን ነበሩ። ከተማዋ ከሌሎቹ የራቀች በመሆኗ ተማሪዎቻቸው ለስፖርት ውድድር ሲጓዙ ብዙ ክፍለ ጊዜ ያመልጣቸው ነበር። በ2007 እነዚህ መምህራን ስላይዳቸውን ከድምፃቸው ጋር በስክሪን መቅጃ እየቀዱ ለቀሩት ተማሪዎች መስጠት ጀመሩ። ቆይተው ግን ያልቀሩትም ተማሪዎች ለክለሳ ሲያዩት አስተዋሉ። በዚህ ጊዜ፤ ተማሪው መምህሩን በጣም የሚፈልገው ንግግር ሲያዳምጥ ሳይሆን መልመጃ ሲሠራ ተቸግሮ ሲቆም መሆኑን ተገነዘቡ። ስለዚህ ሥርዓቱን ገለበጡት፤ ማብራሪያው በቅጂ ወደ ቤት ሄደ፤ መልመጃው ወደ ክፍል መጣ። ልብ ሊባል የሚገባው፤ ሥራው የተጀመረው መሣሪያውን ለማሳየት ሳይሆን የቀረን ተማሪ ለመርዳት መሆኑ ነው።

፪ በአገራችን የታየ ትምህርት

በኢትዮጵያም የተቀዳ ትምህርት እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚሰራጭ የቴሌቪዥን ትምህርት ተጀመረ፤ ተማሪው በተለምዶ «ፕላዝማ» ይለዋል። በየክፍሉ ሰፊ ቴሌቪዥን ተሰቀለ፤ የሒሳብ፤ የሳይንስና የሌሎችም ትምህርቶች ማብራሪያ በእንግሊዝኛ ከስክሪኑ ይመጣ ጀመር። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ የሠለጠነ መምህር ወይም ቤተ ሙከራ በሌለበት ወረዳ ያለ ልጅ፤ በከተማ ያለው ልጅ የሚያየውን ሙከራ እንዲያይ ነው።

ሆኖም ከተማሪውም ከመምህሩም በተደጋጋሚ የተሰማው ቅሬታ አንድ ነበር፤ ይኸውም ትምህርቱ ይሮጣል፤ አይጠብቅም የሚል ነው። ስርጭቱ በአንድ ሰዓት ለአገሩ ሁሉ የሚተላለፍ ስለ ነበር፤ ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያነሣ የሚያቆምለት የለም። መምህሩም ከስክሪኑ አጠገብ ቆሞ የሚጠባበቅ ሆነ። መብራት ከጠፋ ደግሞ የዚያ ቀን ትምህርት አብሮ ጠፋ።

ከዚህ የምናገኘው ትልቅ ቁም ነገር አለ። የተቀዳ ትምህርት ዋና ብልጫው ማቆምና ወደ ኋላ መመለስ መቻሉ ነው። ያ ሥልጣን በተማሪው ወይም በመምህሩ እጅ ከሌለ፤ ቅጂው ከተራ ንግግር ያነሰ ይሆናል። የዛሬው የስክሪን ቅጂ በስልካችን ውስጥ ስላለ ይህን ሥልጣን መልሶልናል። ነገር ግን ቅጂው 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ የሚረዝም፤ ክፍል ያልተለየለት ከሆነ፤ ሥልጣኑ በስም ብቻ ይቀራል። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፤ ብዙ መምህራንና ተማሪዎች ያለ ዝግጅት በዚህ ሥራ ውስጥ ገቡ፤ ያኔ በችኮላ የተለመደው አያያዝም በየቦታው እንደ ልማድ ጸንቶ ይታያል።

፫ ስላይድና የተማሪው አእምሮ

ስላይድ ለምን እንደሚያደክም ለማወቅ የሰው አእምሮ አዲስ ነገር እንዴት እንደሚቀበል ማየት ይገባል። ጆርጅ ሚለር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ በ1956 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፤ ሰው ለአጭር ጊዜ በአእምሮው ሊይዝ የሚችለው ወደ 7 የሚጠጋ ነገር እንደ ሆነ አመለከተ፤ በ2001 ደግሞ ኔልሰን ካወን ቁጥሩን ወደ 4 ዝቅ አደረገው። ከሚለር ሐሳብ ተነሥቶ የአውስትራሊያው ጆን ስዌለር በ1988 የአእምሮ ሸክም የሚባለውን ትምህርት አስፋፋ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፤ አዲስ ዕውቀት የሚገባበት በር ጠባብ ነው፤ በበሩ ላይ ጌጥና ትርፍ ነገር ከተደረደረ ዋናው ዕቃ አያልፍም።

ሪቻርድ ሜየር የተባለው ሌላው አሜሪካዊ ሊቅ ይህን ሐሳብ ወደ ሥዕልና ድምፅ አዛውሮ በብዙ ፈተና መረመረው። ካገኛቸውም መካከል ለእኛ ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፤ ሥዕልን በዓይን እያየ ማብራሪያውን በጆሮ የሚሰማ ተማሪ፤ ያንኑ ማብራሪያ ከሥዕሉ ሥር በጽሑፍ ከሚያነብ ተማሪ ይልቅ ነገሩ ይገባዋል። ዓይን በአንድ ጊዜ ሥዕልም ጽሑፍም ላይ ሊያርፍ አይችልምና ነው።

ሁለተኛ፤ መምህሩ በስላይዱ ላይ የተጻፈውን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ሲያነብ ተማሪው አይጠቀምም። ዓይን ከምላስ ይፈጥናል፤ ተማሪው አንብቦ ጨርሶ መምህሩን ይጠብቃል ወይም ሁለቱን ሲያስተያይ ሐሳቡ ይበተናል። ነገር ግን ይህ ደንብ ልክ አለው። ትምህርቱ የሚሰጠው ተማሪው አፉን ባልፈታበት ቋንቋ ሲሆን፤ ወይም ቃሉ አዲስና አስቸጋሪ ሲሆን፤ በስክሪን ላይ ተጽፎ መታየቱ ይረዳል። እኛ በእንግሊዝኛ የምንማር እንደ መሆናችን፤ ዋና ዋና ቃላት ይጻፉ፤ ሙሉው ንግግር ግን አይጻፍ ማለት ነው።

ሦስተኛ፤ ከነገሩ ጋር የማይገናኝ ሥዕል፤ ሙዚቃ፤ እየተሽከረከረ የሚገባ ፊደልና የመሳሰለው ሁሉ ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም።

አራተኛ፤ የሚነገርለትን ቦታ በምልክት ማሳየት ይጠቅማል። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የኔታ ዘንድ ፊደል የቆጠረ ልጅ በስንጥር እያመለከተ «ሀ፤ ሁ» ሲል፤ ዓይኑና ድምፁ በአንድ ፊደል ላይ እንዲገናኙ መደረጉ ነበር። የዛሬው ቀስትና ቀይ ክበብ የዚያ ስንጥር ልጅ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንድ መምህር የደምን ዝውውር ሊያስተምሩ ነው እንበል። በተለመደው አሠራር ስላይዱ «ልብ» የሚል ርእስ ይኖረውና ከሥሩ ዘጠኝ መስመር ጽሑፍ ይደረደራል። በተሻለው አሠራር ርእሱ ራሱ ሙሉ ሐሳብ ይሆናል፤ «ልብ ደምን ወደ ሁለት አቅጣጫ ይገፋል፤ ወደ ሳንባና ወደ ሰውነት» ይላል። ከሥሩ የልብ ሥዕል ብቻ ይቀመጣል። መምህሩ ሲናገሩ መጀመሪያ ከሰውነት የተመለሰው ደም በቀኝ በኩል ሲገባ ይታያል፤ ቀጥሎ ወደ ሳንባ የሚሄደው ቀስት ይወጣል፤ ከዚያ በግራ በኩል የተመለሰው ደም፤ በመጨረሻም ወደ ሰውነት የሚወጣው። አራት እርምጃ፤ አራት ቀስት ነው። ዘጠኙ መስመር ግን አይጣልም፤ ተማሪው በቤቱ እንዲያነበው በወረቀት ወይም በፋይል ይሰጠዋል። ስላይድ ለማየት፤ የንባብ ጽሑፍ ለማንበብ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ላይ ለማድረግ የሚሞክር ሰው ሁለቱንም ያጣል።

የዚህ ዓይነቱ ስሕተት እስከ ምን ሊደርስ እንደሚችል ከትምህርት ቤት ውጭ የሆነ አንድ አሳዛኝ ታሪክ ያስረዳል። በጥር ወር 2003 እ.ኤ.አ. ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኰራኵር ስትነሣ፤ ከነዳጅ ጋኑ ተገንጥሎ የወደቀ ስፖንጅ መሰል ቁራጭ ግራ ክንፏን መታት። መንኰራኵሯ ገና በጠፈር ሳለች መሐንዲሶች ጉዳቱን መርምረው ለአለቆቻቸው በስላይድ አቀረቡ። የአንዱ ስላይድ ርእስ የሚያጽናና ነበር። በስላይዱ ግርጌ፤ በትንንሽ ፊደል፤ የወደቀው ቁራጭ ቀድሞ በሙከራ ከተፈተሸው እጅግ የሚበልጥ መሆኑ ተጽፎ ነበር፤ በይዘት 1,920 ኪዩቢክ ኢንች ለ3፤ ማለት 640 ዕጥፍ። መንኰራኵሯ በየካቲት 1 ቀን ስትመለስ ተሰባበረች፤ 7ቱም ተጓዦች ሞቱ። ለአደጋው ምክንያቱ ስላይድ ነው አይባልም፤ ሆኖም የመርማሪው ጉባኤ በዚያው ዓመት ባወጣው ዘገባ፤ በሚገባ በተጻፈ የምርመራ ጽሑፍ ፈንታ በስላይድ መጠቀምን ነቅፏል። ዋናው ነገር በግርጌ ከተቀበረ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።

፬ ስለ ፊደላችን

በአማርኛ ስላይድ የሚያዘጋጅ ሰው አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በፊደላችን ትርጕም የሚለወጠው ብዙውን ጊዜ በአንዲት ትንሽ ጭረት ነው። «ቤቱ» እና «ቤቴ» በመጨረሻው ፊደል ጐን ባለች ጭረትና ከእግሩ ሥር ባለች ቀለበት ብቻ ይለያያሉ፤ ግን አንዱ የእርሱ፤ ሁለተኛው የእኔ ነው። ከሩቅ ሲታይ ወይም ቪዲዮው ተጨምቆ ጥራቱ ሲቀንስ መጀመሪያ የምትጠፋው ያችው ጭረት ናት። ስለዚህ በላቲን ፊደል የሚበቃው መጠን ለአማርኛ አይበቃም። ፊደሉን ከፍ ማድረግ፤ በመስመርና በመስመር መካከል ቦታ መተው፤ ጥቁር በነጭ ላይ ወይም ነጭ በጥቁር ላይ መጻፍ ይሻላል።

ሌላው ችግር የፊደሉ ዓይነት ነው። የግእዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር የተጻፈ ጽሑፍ፤ ያው ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የማይነበብ የላቲን ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል። በክፍል ፊት ቆሞ ይህን ማየት እንዴት እንደሚያሳፍር የደረሰበት ያውቀዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በዩኒኮድ መጻፍ፤ ስላይዱንም በፒዲኤፍ ደግሞ አስቀምጦ መያዝ።

ስላይዱ መነበቡን ለማረጋገጥ የሚከተለውን ፈተና እናመለክታለን። ለክፍል ከሆነ ከመጨረሻው ወንበር ተቀምጦ ማየት፤ ለቅጂ ከሆነ በራስ ስልክ ከፍቶ፤ ክንድን ዘርግቶ ይዞ ማንበብ። የማይነበብ ከሆነ አንዱን ስላይድ ለሁለት መክፈል ነው።

፭ የስክሪን ቅጂ አዘገጃጀት

ስለ ርዝመት። በ2014 እ.ኤ.አ. ፊሊፕ ጉዎና ባልደረቦቹ ኤድኤክስ በተባለው የኢንተርኔት ትምህርት ውስጥ ተማሪዎች ቪዲዮ ያዩባቸውን 6.9 ሚሊዮን ጊዜያት መረመሩ። ተማሪዎች ከ6 ደቂቃ በላይ ቪዲዮውን አጥብቀው የሚከታተሉት ጥቂት ጊዜ መሆኑን አገኙ፤ በእጅ እየተጻፈ የተቀዳው ከደረቅ ስላይድ፤ መምህሩ በመካከል ፊቱን የሚያሳይበትም ስላይድ ብቻ ካለበት ይልቅ ይታይ ነበር። እነዚያ ተማሪዎች በፈቃዳቸው የገቡ ስለ ነበሩ ፈተና የሚጠብቀው ተማሪ ከእነርሱ ይለያል፤ ቁጥሩን እንደ ሕግ መያዝ አያስፈልግም። ዋናው ነጥብ ግን ይጸናል፤ አንድ ቅጂ አንድ ጉዳይ ብቻ ይያዝ። የ1 ሰዓት ትምህርት ስድስት ወይም ሰባት ቁራጭ ሆኖ፤ እያንዳንዱ በቁጥርና በርእሱ ቢሰየም፤ ተማሪው የጐደለውን ብቻ መርጦ ያወርዳል።

ስለ ድምፅ። ሥዕሉ ጥቂት ቢደበዝዝ ተማሪው ይታገሣል፤ ድምፁ ካልተሰማ ግን ትምህርቱ የለም። ውድ ማይክሮፎን አያስፈልግም፤ ከስልክ ጋር የሚመጣው የጆሮ ማዳመጫ ማይክሮፎን ለአፍ ቀረብ ሲል ከኮምፒውተሩ ማይክሮፎን ይሻላል። መጋረጃና አልጋ ያለበት ክፍል ድምፅ አያስተጋባም። ከመጀመር በፊት የ1 ደቂቃ ሙከራ ቀድቶ ማዳመጥ የሰዓታትን ድካም ያድናል።

ስለ ስክሪን። ከመቅዳት በፊት መልእክት የሚያመጡትን ፕሮግራሞች ሁሉ መዝጋት ይገባል፤ የግል መልእክት በትምህርት መካከል ብቅ ብሎ ለዘላለም ተቀድቶ እንዳይቀር። የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚያስተምር ሰው መስኮቱን አጉልቶ፤ ጠቋሚውን በዝግታ እያንቀሳቀሰ፤ ከመጫኑ በፊት ምን ሊጫን እንደ ሆነ ይናገር። «እዚህ ጋ፤ ከዚያ እዚያ» ማለት ስልኩ ላይ ለሚያይ ሰው ምንም አይነግረውም።

ስለ ክብደት። ይህ በእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም፤ ተማሪው የሚከፍለው በሜጋባይት ነውና። ሒሳቡ እንዲህ ነው። በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚፈጅ ቪዲዮ በ10 ደቂቃ 75 ሜጋባይት ይሆናል። ስላይድ ግን ብዙ የማይንቀሳቀስ ስለ ሆነ በሰከንድ 300 ኪሎቢት ይበቃዋል፤ ያው 10 ደቂቃ 22.5 ሜጋባይት ይመጣል። ድምፁ ብቻ በ64 ኪሎቢት ቢሰጥ ከ5 ሜጋባይት አይበልጥም። እንግዲህ መምህሩ በመቅጃው ላይ፤ ለምሳሌ በነፃ በሚገኘው ኦቢኤስ ስቱዲዮ፤ የሴኮንዱን የሥዕል ብዛት ከ30 ወደ 10 ወይም 15 ቢቀንስና የቢቱን መጠን ዝቅ ቢያደርግ፤ የተማሪው ወጪ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ድምፁንና የስላይዱን ፒዲኤፍ ለብቻ መላክ ደግሞ አቅም ለሌለው ተማሪ በሩን ክፍት ያደርግለታል።

፮ በክፍል ውስጥና በተማሪው እጅ

ቅጂ የመምህሩ ምትክ አይደለም። መምህሩ ማብራሪያውን በቅጂ ሰጥተው በክፍል ያንኑ ደግመው ቢናገሩ ተማሪው ሁለተኛ ቅጂውን አያይም፤ ቅጂውን ሰጥተው ክፍሉን ቢተዉት ደግሞ ፕላዝማው ተመለሰ ማለት ነው። መልካሙ መንገድ በክፍሉ መጀመሪያ ሁለት ሦስት አጭር ጥያቄ ጠይቆ ማን ምን እንደ ገባው ማወቅ፤ ከዚያ ጊዜውን ለመልመጃና ለክርክር ማዋል ነው። እንደ ሒሳብ ማስረጃ ያለ እርምጃ በእርምጃ የሚገነባ ነገር ግን ዛሬም በጠመኔ ቢሠራ ይሻላል፤ እጅ ሲጽፍ የሚፈጀው ጊዜ ተማሪው የሚያስብበት ጊዜ ነውና። መብራት ሲጠፋም ጠመኔ አይጠፋም።

ተማሪውም ግዴታ አለበት። ቅጂን እንደ ፊልም ተጋድሞ ማየት የማወቅ ስሜት እንጂ ዕውቀት አይሰጥም። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሊቃውንት በ2006 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፤ አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ካነበቡት ይልቅ አንብበው ራሳቸውን የፈተኑት ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ የበለጠ አስታውሰዋል። ስለዚህ በየቁራጩ መጨረሻ አቁሞ፤ ደብተር አውጥቶ፤ ሳያዩ መጻፍ፤ ከዚያ ተመልሶ ማረም ይገባል።

መደምደሚያ

በመግቢያችን ወዳነሣነው ነገር እንመለስና፤ እነዚህን ነጥቦች በአንድ ገጽ ጽፈን፤ በአክብሮት ለመምህራችን አቀረብንላቸው። እርሳቸውም ሳይቆጡ አነበቡት፤ «እኔ እኮ እያያችሁት መስሎኝ ነበር» አሉን። የሚቀጥለውን ትምህርት በሰባት ቁራጭ፤ በትልልቅ ፊደል፤ የትኛው ቁራጭ ስለ ምን እንደ ሆነ ጽፈው ላኩልን። አንዳችን ለሌላው እየተረከ ሁሉንም አየነው፤ ያልገባንንም ይዘን ክፍል ገባን።

ከዚህ የተረዳነው ችግሩ ብዙ ገንዘብ እንደማይጠይቅ ነው። የሚጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የሚያስተምረው ሰው ሥራውን በተማሪው ስልክ ላይ አንድ ጊዜ እንዲያይ፤ የሚማረውም ሰው ሳያይ የቀረበትን ምክንያት በግልጽ እንዲናገር። ይህን ጽሑፍ ያነበቡ መምህራንና ጓደኞቻችንም በየትምህርት ክፍላቸው የሞከሩትን ጽፈው ቢያካፍሉን፤ በሚመጣው ጊዜ ከዚህ የተሻለ ለማቅረብ እንደሚረዳን ተስፋ እናደርጋለን።